ባሌ ሲዘምት የሚለቀኝ በሽታ

ይህ የደረሰብኝ ጎባ ገና የወታደር ጎጆ ብቻ በነበረችበት፣ እኛም ከመንዝ መጥተን ብርዷን ባልለመድንበት ጊዜ ነው። ስንት ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አጠገቤ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ ባስታወስኩት ቁጥርም ያንገበግበኛል።

ባሌ ነፍጠኛ ነበር። ዛሬ ሳወራ እሱ እለዋለሁ እንጂ ያኔ አንቱ ነበር የምለው። ሰው ሁሉ የሚጠራው በፈረሱ ስም፣ አባ ገስግስ እያለ ነው። ገስግስን ያገኘው በዘመቻ ነው፤ ቀይ ሆኖ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው። ያምር ነበር፣ አልክድም። እንደ አገራችን ልማድ ፈረሱ ከእኛው ጋር ቤት ውስጥ ያድራል። ጋጣው ከመደቤ አጠገብ ስለሆነ ፉር ሲል ትንፋሹ ፊቴ ላይ ይደርሳል።

በመጣን በዓመቱ በሽታው ጀመረኝ። ጠዋት ስነሳ ማስነጠስ ነው፤ አንዴ ከያዘኝ አይለቀኝም። አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ዓይኔ ይቀላል፣ ይበላኛል። ባሌ መጀመሪያ ላይ ደግ ነበር። "ይማርሽ" ይለኛል፣ እኔም "ያኑርዎ" እላለሁ። ወተት የምታመጣልን የገባራችን ሚስት አዴ ፋጡማም በመጣች ቁጥር "ዋዮ ጊፍቲ! ዛሬም አልተወሽም?" ትለኛለች፤ ወይኔ እመቤቴ ማለቷ ነው።

ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ጨመቁልኝ። ጤና አዳም አሸተቱኝ። ቡዳ ነው ተብሎ ታጠንኩ፤ እሱማ ጭራሽ ሊገድለኝ! በዚያ ውርጭ ጠበል ተጠመቅሁ። ምን ያልተደረገልኝ አለ?

አንድ ቀን የባሌ አለቃ እኛ ቤት ተጋብዞ፣ እኔ ወጥ ይዤ ስገባ አስነጠስኩ። በልቶ የጠገበ ሰው ይመስል ሁሉም እጁን ከገበታው ሰበሰበ። ባሌ እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ "አዋረድሽኝ! በቶሎ ካልተሻለሽ ወደመጣሽበት እሸኝሻለሁ" አለኝ። መንዝ የት፣ እኔ የት! አባትና እናቴ ሞተዋል፤ ልጅም አልወለድኩለት። እዚህ አገር የነበረኝ ትዳሬ ብቻ ነው።

ከዚያ ባሌ ፈረሱን ጭኖ ወደ ደሎ ወረደ። በሄደ በጥቂት ቀን በሽታው ለቀቀኝ። ጤነኛ ሆንኩ! ሲመለስ መልሶ ያዘኝ። ደግሞ ሲሄድ ለቀቀኝ፣ ደግሞ ሲመጣ ያዘኝ። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ታዘበ።

ደብተራ ተጠራ። የእኔንና የእናቴን፣ የእሱንና የእናቱን ስም ቆጠረና "ኮከባችሁ አይገጥምም። እሱ እሳት ነው፣ አንቺ ውሃ። አብራችሁ ከኖራችሁ አንዳችሁ ትሞታላችሁ" አለ። አመንኩት። ባሌ ሲርቀኝ እንደሚሻለኝ በራሴ አይቼዋለሁ፤ ታዲያ ምን ብዬ ልከራከር? ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መፋታታችን ሳይቆረጥ ባሌ ለሌላ ጉዞ ተጠራ። በዚህ ጊዜ ገስግስ ኮቴው ቆስሎ ያነክስ ስለነበር በበቅሎ ሄደ። "ፈረሴን አደራ፣ ድርቆሽ እንዳታሳንሺበት" ብሎኝ ወጣ።

እኔ አሁን ልድን ነው ብዬ ጠበቅሁ። ኧረ ምን መዳን! ቀናት አለፉ፣ እኔ ያው ማስነጠስ ነው። ባሌ የለም፣ በሽታው አለ። ገስግስን ላበላ ስጠጋ ጭራሽ ባሰብኝ። አንገቱን ባሸሁበት እጅ ዓይኔን ብነካው አብጦ አልገለጥ አለኝ። ያኔ ነገሩ ገባኝ። አዴ ፋጡማ ቤት ሄጄ ሰነበትኩ፤ እዚያ በሬና ላም እንጂ ፈረስ የለም። አፍንጫዬ ደረቀ። ቤቴ ስመለስ ተነሣብኝ።

እልል ማለት ነው የቀረኝ። ኮከብ አይደለም፣ ፈረስ ነው! ትዳሬ ተረፈ! መጀመሪያ የነገርኩት ለአዴ ፋጡማ ነው። እሷ ግን አብራኝ አልሳቀችም። "ያ ፈረስ የወንድሜ ነበር። እኔ ከአንቺ በፊት አልቅሼበታለሁ" አለችኝ። ወንድሟ የት እንዳለ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ባሌ ሲመለስ እግሩን እያጠብኩ ሁሉንም ነገርኩት። "ኮከባችን ደህና ነው። ለገስግስ ደጅ ጋጣ ይሠራለት፤ ጭቃውን እኔ ራሴ አቦካለሁ" አልኩት።

ሰማኝና "ጅብ ቢበላውስ?" አለኝ።

"ጠባቂ ይደረግለታል።"

"ብርድ ቢመታውስ?"

"እኔስ?" አልኩት።

"አንቺማ ሰው ነሽ፣ የትም ታድሪያለሽ። አባ ገስግስ ለሚስቱ ብሎ ፈረሱን ደጅ አሳደረ ልባል ነው?" አለኝና እግሩን ከውሃው አወጣ።

ባያምነኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። አምኖኝ ነው እንዲህ ያለኝ።

ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው ግን የደብተራውን ቃል ነው። ኮከባቸው አልገጠመም ተባለና በዚያው አፋቱን። እውነቱን ብናገር ማን ይሰማኛል? ለፈረስ ብሎ ሚስቱን ፈታ ቢባል ሰው ይስቃል እንጂ ማን ያዝንልኛል?

ዛሬ ሮቤ ነው የምኖረው። ሌላ አግብቼ ወልጃለሁ፤ የአሁኑ ባሌ ገበሬ ነው፣ ፈረስም የለን። ያ በሽታ ተመልሶ አልመጣብኝም። የሚያውቁኝ ሰዎች "ለበጎ ነው" ይሉኛል። ለበጎ ይሁን፤ ቁጭቱ ግን አልወጣልኝም።

ከዚያ ቤት የወጣሁ ዕለት ዕቃዬን ይዤ በጋጣው በኩል ሳልፍ አስነጠሰኝ። ባሌ ጀርባውን ሰጥቶኝ የፈረሱን ጋማ ያበጥራል። ዞር ሳይል፣ በልማዱ፣ "ይማርሽ" አለኝ።

"ያኑርዎ" ሳልለው ወጣሁ። እስከ ዛሬም አላልኩትም።