ሁለት ሰው የማይችል መሬት

የካቲት 9 ቀን 1988 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከቴፒ ወጣ ብሎ በሚገኝ ረግረግ ዳር ቆመን ነበር። ዛሬ ቧንቧ ስከፍት የዝገት ሽታ ያለው ውሃ ፈሰሰና ያ ሰዓት ትዝ አለኝ። አባቴ ከሚዛን ድረስ የወሰደን ከረግረጉ መሃል የሚፈልቀው ምንጭ የእናቴን ጉልበት እንደሚፈውስ ሰምቶ ነበር። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

መሬቱ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ ይሰረጉዳል። አባቴ እናቴን ሊያዝላት ጎንበስ ሲል መንገድ የሚያሳዩን የሸኮ ሽማግሌ ከለከሉት።

«ተዉ መምህር፣ ይሄ ሁለት ሰው አይችልም። የታመመው ራሱ ነው የሚሻገር።»

«እንግዲያው በጄሪካን እናምጣላት፣ አባባ» አላቸው አባቴ።

«እዚህ እስኪደርስ ቀይ ይሆናል። ዝገት ነው የሚያጠጧት።»

«ዝገትማ ጉልበቴ ውስጥ ሞልቷል» ብላ እናቴ ሳቀች። ሦስት እርምጃ ሄደች፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲውጠው ተመልሳ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

«ያደከመኝ ሕመሙ አይደለም፤ መድኃኒት ፍለጋው ነው» አለች።

ዛሬ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ላይ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ከእንግዲህ መድኃኒት ፍለጋ የትም እንዳይወስዳት አባቴን ቃል አስገባችው።