ማቆሚያ የሌለው ጌም

ቃሊቲ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ ከጣይባ ጎን ተቀምጦ የራጅ ውጤት የሚጠብቀው ሰውዬ የፋብሪካ ቱታውን አላወለቀም። እያሳለ ስልኩ ላይ ጌም ይጫወታል፤ አንዲት ትንሽ የጠፈር መርከብ በጥይት መሃል ትሹለከለካለች።

«ደስ ይላል?» አለችው ጣይባ፣ የራሷን ውጤት ስትጠብቅ የያዛትን ፍርሃት ለመርሳት።

«መንገዱ ሁሌ አዲስ ነው፣ መርከቧም ለጣት ቶሎ ትታዘዛለች። ክፋቱ፣ አንዴ ከሞትሽ ከመጀመሪያው ትጀምሪያለሽ፤ መሃል ላይ ለአፍታ ማቆሚያም የለውም።»

«አስራ ሁለት ቁጥር!» አለች ነርሷ።

ሰውዬው ተነሳ፤ ግን መልሶ ተቀመጠ። «መታመሜን ቤት ማንም አያውቅም» አለና ስልኩን ሰጣት። «እስክመለስ ቀጥዪልኝ፣ እህቴ» ብሏት ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባ።

ጣይባ ጌም ነክታ አታውቅም። በሩ ሲዘጋ ግን ትንሿ መርከብ እንዳትሞትበት ፈርታ፣ ትንፋሿን ውጣ ከጥይቱ ታሸሻት ጀመር።