ክራብትሪ ቀድሞ ገባ

ሂልዳ ሳትክሊፍ በእንግሊዟ ቶድሞርደን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድታለች። በዚያ ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ አቁማ ሰው ያስወረደችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ሰካራም ነበር፤ ሌላው አንዲት አሮጊት ስታነክስ አይቶ የሳቀ ወጣት። ባል አላገባችም፣ ቴሌቪዥን አትወድም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የነበራት ነገር የቅዳሜው ጠረጴዛ ነው።

ጠረጴዛው ቦዩ ዳር ባለው መጠጥ ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ሦስት ሆነው ይቀመጡበታል፦ እሷ፣ ሥጋ ሻጩ ክሌም ሆርስፎል፣ እና ኬሚስትሪ ያስተምር የነበረው ኖሪስ ግሪንሃልጅ። ሕጋቸው አንድ ናት። ሦስቱም ሳይቀመጡ ጋዜጣው አይገለጥም። ክሌም ጠዋት ከሱቅ ይገዛውና በሥጋ መጠቅለያ ሲባጎ አስሮ ያመጣዋል። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሲባጎው ይቆረጣል።

የሚሠሩት የጋዜጣውን ተራ መስቀለኛ ቃል አይደለም። ተራውንማ ክሌም ሥጋ እየመዘነ ይጨርሰዋል። ይኸኛው ሳምንቱን ሙሉ የሚያደማ ነው። እያንዳንዱ ፍንጭ ውስጥ አንድ ትርፍ ፊደል ተደብቋል፤ ትርፎቹ ሲገጣጠሙ መልእክት ይሆናሉ፤ መልእክቱ ሰንጠረዡ ስለ ምን እንደተሠራ ይናገራል። አዘጋጆቹ በብዕር ስም ይጽፋሉ፣ ማንነታቸውን የሚያውቅ የለም። መልሱ በፖስታ ይላካል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ያልሳተ ስሙ በጋዜጣው ይወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1994 ጥቅምት ሲገባ ሦስቱ፣ በሂልዳ ስም፣ አርባ ሳምንት ሳይስቱ ልከዋል።

አርባ አንደኛው መጣ። አዘጋጁ ራሱን «ላባ» ይላል። አዲስ ስም ነው።

«ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም» አለ ክሌም ፍንጮቹን አንብቦ ሲጨርስ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስድስት ቃል እንኳ ሳያስገኝ አለፈ። ኖሪስ እንደ ልማዱ እርሳሱን እያኘከ ተቀምጦ ነበር። መጨረሻ ላይ፣ «የመርከብ ካፒቴኖች ስም ቢሆንስ?» አለ። ክሌም ሱቁን በሚዘጋበት ሰኞ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የካፒቴኖች መዝገብ ሲያገላብጥ ዋለ። አንድም አልገጠመለትም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ትርፎቹ ተገጣጠሙ። ሂልዳ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ስድስቱ ተመለሱ። በገቡበት ተራ ጻፋቸው። ሰባተኛዋን ያስቀራት ምንድን ነው?»

«ስሞቹ በሰያፍ ናቸው!» አለ ክሌም። ጣቱን ሰንጠረዡ ላይ አሳረፈ። «ይኸውላችሁ። ኦግደን። እዚህ ደግሞ ሆልሮይድ። ባ… ባርከር። እነማን ናቸው እነዚህ? የክሪኬት ቡድን ነው?»

የሂልዳ ብዕር ቆመ። የቀሩትን ሦስቱን ሰንጠረዡን ሳታይ ታውቃቸዋለች። ሹስሚዝ፣ ፌልደን፣ ክራብትሪ።

አባቷን ከስድስት የጥጥ ፋብሪካ ያባረሩት ስድስት ካቦዎች ናቸው። አባቷ ቂም አይረሳም ነበር። የእሽቅድምድም እርግቦች ያረባ ነበርና ስማቸውን ለእርግቦቹ ሰጠ፤ ማታ ማታ ጓሮ ቆሞ፣ «ክራብትሪ! ና ከእጄ ብላ፣ አንተ ውሻ!» ይላል፣ ክራብትሪም ይመጣል። ሰባተኛዋን ግን ሎቲ አላት። ሎቲ የማንም ስም አልነበረም። በ1939 ሰኔ ሰባቱም ለውድድር ከፈረንሳይ ተለቀቁ። ስድስቱ ገቡ። አባቷ የእርግብ ቤቱ ጣሪያ ላይ አራት ቀን ተቀምጦ ሎቲን ጠበቀ። የዘጠኝ ዓመቷ ሂልዳ እርግቦቹ ቅርጫት ከመግባታቸው በፊት ለሎቲ እፍኝ ሙሉ በቆሎ ማብላቷን አልነገረችውም። ሆዷ የከበደ እርግብ ባሕር አትሻገርም። አባቷ ሳያውቅ ሞተ።

ይህን በሕይወቷ የነገረችው ለአንድ ሰው ነው። ባለፈው የካቲት በረዶ ጥሎ ክሌም የቀረ ዕለት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ።

መሃለኛውን ረድፍ አነበበች። «የልጅቷ እፍኝ በቆሎ» ይላል።

ብዕሯን ከደነች።

«ላባ አንተ ነህ» አለች።

ኖሪስ ፈገግ አለ። ሲጠብቀው የቆየ ፈገግታ ነበር። «መቼ ይገባሽ ይሆን እያልኩ ነበር። ለአንቺ ነው የሠራሁት ሂልዳ። ስጦታ ነው። ስድስት ወር ፈጀብኝ።»

«እንዴት ለእሷ?» አለ ክሌም። «ቆይ፣ አንተ ነህ ላባ? ታዲያ ካፒቴኖቹስ?»

ኖሪስ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሰኞዬን እኮ በላኸው! የካፒቴን መዝገብ ላይ አፍጥጬ ዓይኔ ጠፋ!»

«ቶሎ እንዳትደርሱበት ብዬ ነው። ጨዋታው እንዳይበላሽ።»

«ጨዋታው» አለች ሂልዳ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ሰካራሙን ያስወረደችበት ድምፅ ነበር። «ሁለት ቅዳሜ ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ እርሳስ ስታኝክ ነበር። የምታውቀውን እንደማታውቅ ሆነህ። እኔ ስደናበር እያየህ። ለስንት ሰው ነው ይሄ ጋዜጣ የሚደርሰው?»

«ማንም ስለ አንቺ መሆኑን አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ለአባቴ ያልነገርኩትን በመላ እንግሊዝ ያለ ሥራ ፈት ሁሉ ቁርሱን እየበላ በሳጥን በሳጥን ይሞላዋል። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅሽማ ስጦታ አይሆንም ነበር።»

«አዎ። እንቢ እልህ ነበር።»

ክሌም አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል። የበቆሎው ነገር ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ለመጠየቅ አልደፈረም። ዱሮ በአውቶቡሷ ተሳፍሮ ያውቃል።

ሂልዳ ሰንጠረዡን ወደ ራሷ ጎተተች። ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር አለ። አንዱ ለስድስቱ ስም በገቡበት ተራ፣ ሌላው ሰባተኛዋን ላስቀራት። ተራውን የሚነግሩትን፣ ስሞቹ የሚጀምሩባቸውን ሳጥኖች ቁጥሮች አንድ በአንድ አየች።

«ያውም ተሳስተሃል» አለች። «ኦግደንን አንደኛ አድርገሃል። ቀድሞ የገባው ክራብትሪ ነው።»

ኖሪስ ቀይ የነበረው ፊቱ ነጣ። «ኦግደን ነው ያልሽኝ።»

«ክራብትሪ ነው ያልኩህ። አባቴ በመጀመሪያ የጠላው ካቦ ቀድሞ ስለገባለት ሲስቅ ነበር። ነግሬሃለሁ።»

«ታትሟል እኮ… ስህተት አትሞ…» ጎንበስ ብሎ ቁጥሮቹን እንደገና ቆጠረ። ሂልዳን የባሰ ያናደዳት ይህ ነው። ምሥጢሯን ሲበትን ያልደነገጠ ሰው፣ የተሳሳተ ተራ ሲሰማ ደነገጠ።

ብዕሯን ከፍታ መስመሩ ላይ ክራብትሪን በመጀመሪያ ጻፈች። ቀጥሎ ኦግደንን። ከዚያ የቀሩትን።

«ሂልዳ» አለ ክሌም በለሆሳስ። «አርባ ሳምንት ንጹሕ ነን። እንዲህ ከላክሽው ይሰርዙብናል።»

«ይሰርዙ።»

«እኔ የሰጠኋቸውን መልስ ነው የሚያዩት» አለ ኖሪስ።

«የታተመው ያንተ ነው። ጓሮው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ሁለተኛውን መስመር ባዶ ተወችው። ወረቀቱን አጣጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተች፣ ኮቷን ለበሰች፣ ከበሩ ማዶ ባለው ቀይ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ጣለችው። ያን ቀን አልተመለሰችም። ቢራዋን ክሌም ጨረሰላት።

መልሶቹን የሚያርመው የጋዜጣው ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርድ ላከ። «ሁለት ስህተት» ይላል። ሂልዳ ካርዱን ለክሌም ሰጠችው። ክሌም ረጅም ጊዜ አየውና፣ «እኔ ብሆን መጀመሪያ እነሱ የሚፈልጉትን ልኬ ከዚያ ነበር ኖሪስን በጡጫ የምለው» አለ።

«ለዚህ ነው ፖስታው እኔ ጋ የሚሆነው» አለችው።

ኖሪስ ሦስት ቅዳሜ ቀረ። በአራተኛው መጣ። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። ክሌም ሲባጎውን ሊቆርጥ ቢላዋ አውጥቶ ነበር።

«ሁለተኛው አይታተምም» አለ ኖሪስ። «ሌላ ሰንጠረዥ አዘጋጅቼ ልኬ ነበር። ደብዳቤ ጽፌ አስመለስኩት።»

ሂልዳ ቀና አላለችም። ክሌም ቢላዋውን እንደያዘ ጠበቀ። የሚጠብቀው እሷን ነበር፤ ጠረጴዛው በሁለት ሰው እንደማይሠራ በሦስቱ ቅዳሜዎች ሁለቱም አይተውታል። ካለፉት ሦስት ሰንጠረዦች የጨረሱት አንድ ብቻ ነው።

«ቁጭ በል» አለች። «ብርሃን ጋርደህብናል።»

ተቀመጠ። ሲባጎው ተቆረጠ። ክሌም ፍንጮቹን አነበበ። አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ ኖሪስ ለአሥራ ዘጠነኛው አግድም ፍንጭ አንድ ቃል ሰጠ።

ሂልዳ ዓይኑን አየችው። «ታውቀው ነበር ወይስ አሁን አገኘኸው?»

«አሁን ነው።»

«እንዴት እንደደረስክበት ተናገር።»

ተናገረ። ደረጃ በደረጃ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ መምህር፣ ላቡን እየጠረገ። ክሌም ሁለት ጊዜ አዛጋ። ሂልዳ ግን እያንዳንዱን ፊደል ከፍንጩ ጋር አመሳከረች። ልክ ነበር።

ሌላውን ሁሉ እንደ ልማዷ በብዕር ነው የጻፈችው። ለዚህኛው የታኘከውን እርሳስ ከኖሪስ እጅ ወሰደችና ሳጥኖቹን ሞላች። ሳትጫን፣ ለማጥፋት እንዲቀል።