የውኃ አዳይዋ ኒሻን

ማርሊስ ሆፍስታድ በአዘቦት ቀን ዊስኮንሲን ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ትለያለች። ቅዳሜና እሑድ ግን ረጅም ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ የዛሬ ስምንት መቶ ዓመት ሰው ትሆናለች። ማኅበሯ የጥንቱን የአውሮፓ ነገሥታት ዘመን እያስመሰለ የሚኖር ነው። ንጉሡ በፍልሚያ አሸንፎ ስድስት ወር ይነግሣል፤ ሰኞ ሰኞ ወደ ጣሪያ ጥገናው ይመለሳል። የማርሊስ ድርሻ የብረት ጥሩር ለብሰው በእንጨት ሰይፍ ለሚፋለሙት ውኃ ማደል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በነፃ አደለች።

አሥራ ዘጠኙን ዓመት አብሯት የሠራው ኦሪን ትቬት ነው፤ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር። «ጠጡ እንጂ! የሞተ ባላባት መሸከም ለወገቤ አይስማማም» እያለ ሜዳውን ይዞር ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በበጋው ሐሩር መካከል፣ ማርሊስ አንዲት ጓደኛዋ በንጉሡ ድንኳን ስትሸለም ማየት አማራት።

«አሥር ደቂቃ ብቻ» አለችው ኦሪንን።

«ሂጂ፣ እኔ አለሁ» አላት።

በድንኳኑ ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ቆየች። ስትመለስ ኦሪን የውኃው በርሜል አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሰው ከቦት ደረሰች። ልቡ ቆሞ ነበር። የት ነበርሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ እሷም አልተናገረችም።

ከዚያ ወዲህ ውኃ በተሸከመች ቁጥር፣ ከኋላዋ የሌላ ባልዲ እጀታ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ሲል ትሰማለች። ዞር ስትል ሣሩ ብቻ ነው። ስትፈጥን ይፈጥናል፣ ስትቆም ይቆማል። ይተወኝ ብላ ሥራ አበዛች፤ ሰሃን አጠበች፣ ድንኳን ተከለች፣ ከአንድም ዝግጅት አልቀረችም። ሰዉም «እንዲህ ያለ ፍቅር አይተን አናውቅም» አለ። ከፀፀቷ በሸሸች ቁጥር ምስጋናው ይከመርባት ጀመር።

ባለፈው ግንቦት አዋጅ ነጋሪው ስሟን ጠራ። ለአገልጋይ የሚሰጠው ታላቁ ኒሻን ነበር። ጓደኞቿ ስምንት ወር በድብቅ የጠለፉት ካባ ተዘርግቶ ይጠብቃታል። ሄዳ ተንበረከከች።

«እመቤት ማርሊስ» አለ ንጉሡ፣ «ይህን ማዕረግ ትቀበያለሽ?»

ያ የባልዲ እጀታ ድምፅ መጣ። በሁለት መቶ ሰው መካከል አልፎ ትከሻዋ ሥር ቆመ።

«አልችልም፣ ግርማዊነትዎ» አለች። «ኦሪን የሞተ ዕለት ቦታዬን ጥዬ ሄጄ ነበር። አሥር ደቂቃ ብዬው አንድ ሰዓት ቀረሁ። የሁለታችንን ሥራ ብቻውን ሲሠራ ነው የወደቀው።»

ንጉሡ ዘውዱን ነካ ነካ አደረገ። ከፊተኛው ረድፍ የኦሪን ሚስት ቤሪት ብድግ አለች።

«አውቃለሁ» አለች። «ሜዳው ላይ የነበሩት የዚያኑ ዕለት ነገሩኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሬን ታንኳኪያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።»

«ምን ብዬ ልምጣ፣ ቤሪት?»

«ይሄንኑ ብለሽ ነዋ! የድንች ሰላጣ ይዞ መጥቶ አይዞሽ የሚለኝ መች ጠፋ? ኦሪን የዚያን ቀን እንዴት እንደዋለ የሚነግረኝ ነው ያጣሁት።»

ካባው ታጥፎ ተቀመጠ። በሳምንቱ እሑድ ማርሊስ ቤሪት ቤት ሄደች። የዚያን ቀን ጧት ከኦሪን ጋር የተቀቀለ እንቁላል እንደተካፈሉ፣ በዚያን ጊዜው ንጉሥ ቀጭን እግር እንዴት እንደሳቀ፣ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት። ቤሪት ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች።

«ሐኪሙ በሙቀት እንዳይወጣ ከልክሎት ነበር» አለች። «ጓዙን መኪናው ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ቤት ሲውል ሲብሰለሰል ማየት አቅቶኝ።»

ማርሊስ ይቅር በይኝ አላለችም፤ ቤሪትም ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ድምፁም ጨርሶ አልተዋትም፤ ግን እንደ ድሮው አትሸሸውም፣ እርምጃዋን ቀስ ታደርግለታለች።

ጥቅምት ላይ ማዕረጉን ተቀበለች። ቤሪት አልነበረችም። «ያን ሜዳ ዳግመኛ አልረግጥም» ብላ መልእክት ልካላታለች፤ «እሑድ ካባውን ለብሰሽ ነይና ልይልሽ።»