የጌታዬ ሐውልት

አርባ ምንጭ ተብላ የቧንቧ ውሃ በወረፋ የምትጠጣ ከተማ ቆርቋሪዋን ብትረሳ አይገርመኝም። ከመሥራቾቿ አንዱ የሆኑት ሹም፣ በዘመናቸው ሲያስነጥሱ ላይኛዋ ሰፈር ሴቻ የምትንቀጠቀጥላቸው፣ ታችኛዋ ሰፈር ሲቀላ ካለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለ ምልክት ተቀብረዋል ተባለ። መሥሪያ ቤታችን ሐውልት ሊያቆምላቸው ኮሚቴ አቋቋመ፤ እኔ ጸሐፊ ሆንኩ።

መቃብሩን የሚያውቅ ሰው ግን ጠፋ። በመጨረሻ ከግቢው ጀርባ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ባላቸው የሹሙ ዘበኛ ነበር ተባልንና ሄድን። ሊቀመንበራችን ኮቱን ቆልፎ፣ «እማማ፣ የጌታዎ መቃብር የቱ ነው?» አላቸው።

«የጌታዬማ ይኸው!» ብለው ቁጥቋጦ ወደዋጠው የድንጋይ ክምር አመለከቱ። ሊቀመንበሩ አጠገቡ ፎቶ ተነሣ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «በዓይን እማኝ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ።

በምረቃው ዕለት ማይክራፎኑ እንደ ልማዱ ያፏጫል፣ ባለሥልጣኑ ሁሉ ያልቀመሰውን ታሪክ ይተርካል። እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እንግዶቹ ለምሳ ወደ ሴቻ ሲወጡ ጠጋ ብዬ፣ «ሹሙን ይህን ያህል ይወዷቸው ነበር?» አልኳቸው።

«ሹሙን?» አሉ ተቆጥተው። «እሱ ሰውዬማ ከዛፉ ወዲያ ነው! ይሄ የኔ ጌታ ነው፤ ባሌ!»

ክው አልኩ። እናቴ አባቴን «ጌታዬ» ስትለው እየሰማሁ አድጌ ዘበኛውን ሹም አድርጌ አረፍኩት!

«ድንጋይ ሳላቆምለት እንዳልሞት ስንት ዘመን ለመንኩ» አሉ እማማ። «መንግሥት ይሰማኛል ብዬ ግን አላሰብኩም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እስቲ ምን ይላል? አንብብልኝ።»

እውነቱን ብናገር ነገ ዶማ ይዘው መጥተው ይነቅሉባቸዋል። ዝም ብል ደግሞ ሹሙ ከዛፉ ወዲያ ተረስተው ይቀራሉ። ብዙም አላመነታሁ፤ መረሳቱን እንደሆነ ለምደውታል።

ስሙንና ማዕረጉን ዘለልኩ፤ የቀረውን እንዳለ አነበብኩላቸው። «ሀገራቸውን በታማኝነት ያገለገሉ፣ ይህችን ከተማ በትጋት የጠበቁ፣ እዚህ ዐርፈዋል።»

አቀርቅረው ሰሙኝ። «ያገለገሉ... የጠበቁ...» ብለው ለራሳቸው ደገሙት። ከዚያ ቀና አሉ።

«አንቱ ብላችሁ ጻፋችሁለት?»

«አዎ፣ እማማ።»

«በቁሙ አንድም ሰው አንቱ ብሎት አያውቅም» አሉና ድንጋዩን ሳሙት።