በጃንጥላ የተገዛ ድምፅ

ባሂራ ቂመኛ ናት። ይህን ስል ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ፊት ለፊት ብትነግሯትም «እና?» ብላ በርበሬዋን መልቀሟን ትቀጥላለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለነገር ማሳመሪያ ይተርተዋል፤ እሷ ኖራበታለች። እንሴኖ ተወልዳ ቡታጅራ ያገባች በርበሬ ነጋዴ ናት። ከበርበሬው ሌላ ያላት ሀብት ድምጿ ነው። ሻከር ያለ፣ ከደረት የሚወጣ፣ አንዴ የሰማው ሰው የማይስተው ድምፅ። በዚያ አካባቢ እሷ ካላዜመች ሙሽራ ተሸኘች አይባልም ነበር።

ቤቷ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ሐምሌ ቢያወርደው፣ የካቲት ቢያቃጥል ከምስማሩ አይወርድም። ባሏ ሙባሪክ በረንዳ ላይ የሚሰፋ፣ ነገር የማይወድ ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ክረምት ጁምዓ ሊሄድ ሲል እጁን ወደ ጃንጥላው ሰደደና ዓይኗን አየ፤ ላስቲክ ተከናንቦ ሄደ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የጃንጥላውን ነገር ልንገራችሁ። መምህር ፈቃደ የሚባል ሰው ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የአማርኛ አስተማሪ ነበር። ኋላ ጠመኔውን ጥሎ ለግንቦት ሃያ በዓል የሚጨፍር የኪነት ቡድን አቋቋመ። በዘጠና ሦስት ዓመተ ምህረት አንድ ሰርግ ላይ ባሂራን ሰማና ለሙከራ ያህል ድምፅሽን እንቅዳው አላት። አዲስ አበባ ወስዶ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተሸፈነ ክፍል ውስጥ ከጠዋት እስከ አሱር ሶላት አዘፈናት። ሲጨርሱ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክሮ አንድ ወረቀት ላይ አስፈረማት። ስትመለስ ዝናብ ስለነበር ጃንጥላ ገዛላት። እሷም ሞኝ፣ መርቃው ቤቷ ገባች።

በሦስተኛው ወር ካሴት ወጣ። ሽፋኑ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ የሆነች፣ ሃይሚ የምትባል የቡድኑ ተወዛዋዥ ባለ ጥለት ቀሚስ ለብሳ ትስቃለች። ስሙም የሃይሚ ነው። ውስጡ ያለው ድምፅ ግን የባሂራ፤ ከሳሏ ጋር፣ ትንፋሽ ከምትስብበት ጋር። መጀመሪያ የሰማችው መናኸሪያ ውስጥ፣ በርበሬ ልታስጭን ቆማ ነው። አጠገቧ ለነበረችው ሴት ይሄ እኮ የእኔ ድምፅ ነው ብትላት፣ ሴትዮዋ ከልቧ ሳቀችና «እውነትሽን ነው፣ ድምፅሽ የሃይሚን ይመስላል» አለቻት።

የገደላት ይህ ነው። ስርቆቱንስ ሰው ይሰረቃል። ከዚያ በኋላ ግን ሰርግ ቤት በዘፈነች ቁጥር ሰው ሃይሚን አስመሰለች ይል ጀመር። እንዳትከስ ጣቷ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም። ሰርግ ላይ መዝፈን ተወች። ጃንጥላውን ምስማር ላይ ሰቀለችና በየጠዋቱ እያየችው ስምንት ዓመት ኖረች።

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምህረት ላይ፣ የሚሊኒየሙ ማስጌጫ ከአንዳንዱ ሱቅ ደጃፍ ገና ሳይወርድ፣ ለፈቃደ ከቤልጅየም ደብዳቤ መጣ። በየዓመቱ በሐምሌ አንድ ሜዳ ላይ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ፤ ካሴቱን ሰምተናል፣ ዘፋኟን ከነቡድኗ ጋብዘናል ይላል። ፈቃደ ደስታውን ሳይጨርስ ታች ያለችውን መስመር አነበበ። ዘፈኑ ሁሉ በቀጥታ ነው፤ ካሴት ከፍቶ አፍ ማንቀሳቀስ አይፈቀድም። ላብ አጠመቀው። ሃይሚ ስትጨፍር እግሯ መሬት አይነካም፤ ስትዘፍን ግን ወላሂ ፍየል ትሻላለች። የሚዘፈንበትን የአካባቢውን ቋንቋም አታውቀውም፣ ከንፈር ማንቀሳቀስ ብቻ ነው የለመደችው።

ስለዚህ መምህር ፈቃደ ስኳርና ሙዝ ይዞ ባሂራ ደጃፍ ቆመ። ሰው መቼም አያፍርም። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ያመጣው ሐሳብ ሃይሚ ከፊት የማይሠራ ማይክ ይዛ እንድትቆም፣ ባሂራ ደግሞ ከጥቁር መጋረጃ ኋላ የሚሠራውን ይዛ እንድትዘፍን ነው። ፓስፖርቷ ላይ አጃቢ ትባላለች፣ አውሮፕላን ትሳፈራለች፣ አገር ታያለች። እሷ እስኪጨርስ አዳመጠችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ስንት ሰው ይሰበሰባል፣ መምህር?»

«ሠላሳ ሺህ።»

«ሠላሳ ሺህ» አለች ባሂራ፤ ጃንጥላውን አየት አድርጋ። «እሺ፣ እሄዳለሁ።»

ፈቃደ እየዘለለ ወጣ። ሙባሪክ ግን ስምንት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ስለሆነ መርፌውን አስቀምጦ ምን አስበሽ ነው አላት። ነገረችው። መጋረጃው ኋላ ትቆማለች፤ ከበሮው ይመታል፤ ሃይሚ አፏን ትከፍታለች፤ ባሂራ ግን ትንፍሽ አትልም። ሠላሳ ሺህ ሰው ፊት ያ ቆንጆ አፍ ባዶውን ተከፍቶ ይቀራል፣ ፈቃደም የሚገባበት ጉድጓድ ያጣል። ዝም አይነቅዝም አለችው።

ሙባሪክ አንቺስ አላት። በሕይወትሽ አንዴ ያን ያህል ሰው ሊሰማሽ ሲመጣ ዝም ብለሽ ልትመለሽ? የገዛ ጉሮሮሽስ አያፍርም?

«የእኔ ጉሮሮ ስም የለው፣ በምን ያፍራል?» አለችው። እሱም ከብርድ ልብስ ካፖርት ይሰፋላት ጀመር።

ልምምዱ ላይ ባሂራ ከድሮው አሳምራ ዘፈነች። ፈቃደ እንዲተማመን፣ ሌላ ሰው እንዳይፈልግ። እሱም የዋህ ሴት ናት እያለ ለየሰው አወራ። ፓስፖርት አወጣች፣ ክትባት ተወጋች፣ ኤምባሲ ሄዳ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት በርበሬ እሸጣለሁ ብላ ቪዛ ተመታላት። ሌሊት ሌሊት ያን ዝምታ በልቧ እያዘጋጀች ነበር፤ ሌላው ሰው ሻንጣ ያዘጋጃል፣ እሷ ዝምታ።

በዚህ መሃል ሰፈሩ የራሱን ስህተት ተሳሳተ። ጎረቤቷ ዘይባ ጉዞው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቃት ነበር። ባሂራ እንደሰማችው ነገረቻት፦ ሰው ከዓለም ዙሪያ ይመጣል፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል፣ ሦስት ቀን እዚያው ይታደራል፣ ለውሃ ወረፋ ይያዛል። ዘይባ ከዚያ ወጥታ ለሰፈሩ ልክ ሐጃጆች እንደሚያድሩበት እንደ ሚና ነው ብላ አወራች። ከዚያማ ማን ይመልሰው! አንዱ ዱዓ አድርጊልኝ ይላል፣ አንዷ የታመመ ልጇን ስም በወረቀት ታስይዛለች፣ ዘይባ ራሷ ከዚያ አገር ውሃ እንድታመጣላት ትንሽ ጀሪካን ሰጠቻት። ዘፈን ነው ብትላቸውም አልሰሟትም። ያሳደጓት አጎቷ ሀጂ ሸረፋ እንኳ፣ እውነተኛውን ሐጅ በዓይናቸው ያዩት ሰው፣ እየሳቁ ሩቅ መንገድ ሩቅ መንገድ ነው፣ ሞትም መንገድ ላይ አለ፤ እንደ ደንቡ አውፍ፣ ይቅር ተባብለሽ ነው የምትሄጂው አሉ።

ባሂራ እዚህ ላይ ደነገጠች። በእኛ አገር ለሐጅ የሚነሳ ሰው ጎረቤቱን ሰብስቦ ሀቅ ያጠራል፦ የበደልኩህ ካለ አውፍ በለኝ፣ የበደልከኝም ካለ አውፍ ብዬሃለሁ። እዚያ ቦታ መዋሸት አይቻልም፤ በአፍ አውፍ ብሎ በሆድ ቂም መያዝ ከቂሙ የባሰ ነው። ፈቃደን አውፍ ካለች ደግሞ ዝምታዋ ከእጇ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ እንዳይጠራ አደረገች። ጎረቤቱ ሁሉ ሲነገረው ለሱ የነገረው ሰው አልነበረም።

እሱ ግን ሳይጠራ መጣ። ቡድኑ ያለበትን የባህል ቢሮ ኃላፊ፣ ሃይሚንና አንድ ቪዲዮ ቀራጺ አስከትሎ፣ ሐሙስ ከአሱር በኋላ ሰው ግቢውን ሞልቶ ሳለ ከች አለ። የሽኝት ፕሮግራም ብሎ ሊያስቀርጽ ነው። ሰው በየተራ ከባሂራ ፊት እየተቀመጠ አውፍ ይባባላል። ዘይባ አንድ ጊዜ ዶሮሽን በድንጋይ የገደልኩት እኔ ነኝ አለች፤ ግቢው ሳቀ፣ አውፍ ተባባሉ። ፈቃደ ይህን አየና ለካሜራው ጥሩ ነው ብሎ አሰበ መሰል፣ ኮቱን አስተካክሎ ተራውን ቀደመና ከባሂራ ፊት ቁጢጥ አለ። እንግዲህ ባሂራ፣ እኔንም አውፍ በይኝ አላት፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አድርጎ።

ባሂራ አውፍ ብያለሁ ማለት አልቻለችም፤ አላልኩም ማለትም ገና አልደፈረችም። ሀጂ ሸረፋ ጣልቃ ገቡ።

«በምኑ?» አሉት።

ፈቃደ አልገባውም። እንዲያው በአጠቃላይ አላቸው።

«በአጠቃላይ የሚባል ሀቅ የለም፣ መምህር። ሀቅ ስም አለው። ዘይባ ዶሮ አለች። የአንተን ጥራው።»

ደንቡን አላወቀም ነበር፣ ምስኪን። ዙሪያውን ቢያይ ሰው ሁሉ ይጠብቀዋል፣ ኃላፊው ይጠብቀዋል፣ ካሜራው ይዞራል። እኔ ምንም አልበደልኳትም ቢል መጀመሪያውኑ ለምን አውፍ አለ? የባሂራ ዝምታ እዚያው፣ ገና ቤልጅየም ሳይደርስ፣ ሥራውን ይሠራ ጀመር። የተከፈተው በር ውስጥ ያ ጥቁር ጃንጥላ ተሰቅሎ ይታየዋል። ሰውዬው መከላከል ፈልጎ ራሱን ጠለፈ።

«ባዶ እጇን እኮ አልሸኘኋትም፣ ሀጂ። ጃንጥላ ገዝቼላታለሁ፤ ያው ተሰቅሏል።»

«ለምኑ ነው ጃንጥላው?»

«ለድምጿ» አለ ፈቃደ። ካለ በኋላ ነው የሰማው።

ከዚያ ካሴቱን ስምንት ዓመት የሰማው ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ባሂራ ዞረ። ኃላፊው የምን ድምፅ ብሎ ጀመረ፤ ሃይሚ ቀደመችው። ቀሚሷን ሰብስባ ከባሂራ ፊት ተንበረከከችና አንድም ቀን ዘፍኜ አላውቅም፣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እሺ አልኩ፣ በድምፅሽ በልቻለሁ፣ አውፍ በይኝ አለቻት። አለቀሰች። ስም ጠራች እንግዲህ፣ እንደ ደንቡ።

«ባሂራ» አሉ ሀጂ ሸረፋ፤ «ሀቅሽ በስሙ ተጠራ። ምን ትያለሽ? ሀቁ ያንቺ ነው፣ የሚያስገድድሽ የለም።»

ባሂራ ስምንት ዓመት ያሳደገችው ዝምታ ከእጇ ወጥቷል፤ ምስጢሩ ሲታወቅ መጋረጃውም አብሮ ወደቀ። የሚገርመው አልቆጫትም። ጉሮሮዋ ስም አግኝቷል።

«ሃይሚን አውፍ ብያለሁ» አለች። «አንተን ግን፣ ፈቃደ፣ አላልኩም።» መምህርም እርስዎም ቀርተው ነበር። «ቪዛህ ተመትቷል፣ ትሄዳለህ። ከፊት እኔ እቆማለሁ፣ ሃይሚ ትጨፍራለች፣ አንተ ከኋላዬ ቆመህ ታጨበጭባለህ። አውፉን ስንመለስ አስብበታለሁ።»

ኃላፊው እሷ ካልሄደች የሚዘፍን እንደሌለ ሳይነገረው ገባው፤ እንዳለችው ይሁን አለ። ፈቃደ አንገቱን እንደደፋ ከግቢው ወጣ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ሀጂ ሸረፋ ግን ያን ቀን አልተረቱባትም።

በማግስቱ ጠዋት ዝናብ እያካፋ ቡድኑ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈረ። ባሂራ ከብርድ ልብስ የተሰፋውን ካፖርት ለብሳ፣ የዘይባን ጀሪካን ይዛ፣ ጃንጥላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከምስማሩ አውርዳ ሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ፈቃደ ከኋላዋ ነው። ሾፌሩ ከሌላ አገር የመጣ፣ የሐሙሱን ያልሰማ ሰው ስለነበር መኪናውን አስነስቶ ያን ካሴት ከተተው። ባሂራ ቀስ ብላ አብራ አንጎራጎረች። ሰውዬው በመስታወቱ አየት አደረጋትና በቅንነት፣ እህቴ ድምፅሽ የሃይሚን ይመስላል እኮ አላት።

ባሂራ ወደ ኋላ ዞረች።

«ንገረው» አለችው ፈቃደን።

ፈቃደ በአፍንጫው የሆነ ነገር አለ። ሞተሩ ይጮኻል፤ አልተሰማም፣ ጮክ በል አለችው። ድምፁ የእሷ ነው፣ የባሂራ ነው አለ። ከላ ላይ አዲስ ተሳፋሪ ሲገባ እንደገና አስባለችው። ቡኢ ላይ ለሁለት ሽማግሌዎች፣ ጢያ ላይ ድንች ለጫነች ሴት አስባለችው። ዓለም ገና ሲደርሱ ማንም ሳይጠይቀው፣ አዲስ የገባውን ሰው ሁሉ እያየ ይናገር ጀምሮ ነበር።

ባሂራ ጃንጥላውን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ሰማችው።

«ጎበዝ» አለችው። «ገና ሠላሳ ሺህ ሰው ይቀርሃል።»