የወርቂቱ የምስክርነት ቃል

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህል ነው? የወርቂቱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ እሱንም የጻፈው ሌላ ሰው ነው።

ከመካነ ሰላም ከፍ ብሎ ካለ መንደር ነበረች። በሰባ ሰባቱ ረኃብ ባሏ አራጌ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ከበረቱ ሥር ቀበረ። ገበሬ ማኅበሩ ያለ እህል ሁሉ ይውጣ ብሎ ነበርና ምስጢሩን የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው። መደብ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው፣ ይህን ከበላነው የከርሞ ሰው አንሆንም አላት።

ሰው ደጃቸው ላይ ሲወድቅ ግን ወርቂቱ እንቅልፍ አጣች። ለንስሐ አባቷ ለቄስ ፈንታሁን ተናዘዘች። እሳቸውም ቀኖና ሰጧት፤ ከዚያው ገብስ ቆልታ በሚካኤል ዕለት ለተራቡት እንድታድል። አደለች። በዚያ ሰሞን ቆሎ ያደለ ሰው ከየት አመጣው መባሉ አይቀርም። ይህን ቄሱም እሷም አላሰቡትም።

በማግስቱ ሸንጎ ተቀመጠ። አስቀድመው ቄሱን አቆሟቸው። ሊቀ መንበሩ ሞላ፣ "አባ፣ ለእግዜር የተነገረውን ለማኅበሩ ቢያካፍሉት ምን ይጎድልብዎታል?" ብሎ ሰዉን አሳቀ።

"ኑዛዜ የሰማሁበት ጆሮ የኔ አይደለም። የራሴን ከፈለግህ ይኸውልህ፣ ቁረጠው" አሉት።

ሦስት ቀን አስረው ለቀቋቸው። ከዚያ ወደ ሚስቲቱ ዞሩ። ባሏ የነገራትን በእሷና በባሏ መካከል እንዲተዉላት፣ ሌላ ሌላውን እንዲጠይቋት ለመነች። ሞላ የአገሩ ልጅ ነውና ዱላ አላነሳም።

"የተደበቀ እህል የለንም ብለሽ በሚካኤል ማይና ሂጂ" አላት።

በሐሰት መማል አልሆነላትም። ዝም ማለቷም ያው ማመን ሆነ። ከበረቱ ሥር ነው አለች። ጸሐፊው ጻፈ፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው አስፈረሟት።

እኔና ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሕግ የቱ ድረስ መግባት እንዳለበት ስንከራከር እናመሽ ነበር። መደብ ጫፍ ሲደርስ ይቁም ያለ ከመካከላችን አልነበረም።

አራጌ በዚያ ቃሏ ታሰረ፤ እስር ቤት ውስጥም በተስቦ ሞተ። ተቆፍሮ የወጣውን ገብስ ማን እንደበላው አልታወቀም። ወርቂቱ ቃሏ ወደተቀመጠበት መዝገብ ቤት በየዓመቱ ትመጣ ጀመር። ኃላፊው እኔ ነበርሁ። መዝገብ አይቀደድም እላታለሁ፤ ከእኔ በኋላ የተሾመውም እንደዚያው አላት። እስክትሞት ድረስ የምትለው አንድ ነገር ነበር።

"ባሌን መልሱልኝ አላልሁም፤ እሱ ሞቷል። ያችን የተናገርሁባትን ወረቀት ብቻ ቅደዱልኝ፣ ጌታዬ።"